ቁጥሩ ለእነዚህ አይደለም

«ማንበብ ካቃተህ ላንብብልህ» ብሎ የሰደበው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከዓመት በፊት፣ ሁለቱ ብረት እያዞሩ በሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ነው፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ከምሳ መልስ፤ የቤቱ በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሁለት የወፍጮ ቤት ደንበኞች በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። መጀመሪያ የሳቀው በያጁ ነው። ደንበኞቹ ተከተሉት። ታላቅየው ከዚህ ውስጥ አንዱንም አልረሳም። ዛሬ፣ ወንድሙ በተቀበረ ማግስት፣ የሻይ ትሪ ይዞ በለቀስተኛው መሐል ሲያልፍ እንኳ ከሴቶቹ ልቅሶ ይልቅ ጆሮው ላይ የሚጮኸው ያ ቃል ነበር። ወንድሙን አፈር አልብሶ ተመልሷል፤ ለቂሙ የሚሆን አፈር ግን አላገኘም።

«ጋሼ፣ አምጣው እኔ ልያዘው» አለችው የሟች ሚስት። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት አልቆ እንደ ሹክሹክታ ሆኗል።

«አንቺ ቁጭ በይ» አላት።

ትሪውን ቢሰጣት እጁን ምን ያድርገው? ዕድሜ ልኩን ብረት ሲጨብጥ የኖረ እጅ ባዶውን ሲቀር መግቢያ ያጣል፤ ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ በለቅሶ ቤት ወሬ ይሆናል።

ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ታጭቋል። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ ታቅፋለች፤ ታቅፋም ሳትጠየቅ ትናገራለች። በያጁ ወንዶቹ መሐል ሆኖ፣ ቶርኖ ቤት ገብተው ለማያውቁት፣ የሆነውን በእጁ ያሳያል። ሦስት ጣቱን አጥፎ የብርጭቆ አፍ ቆነጠጠና፣ ቻክ ማለት ይኼ ነው አላቸው፤ ብረቱን በሦስት መንጋጋ እንዲህ ነክሶ ይይዝና ከማሽኑ ጋር ያዞረዋል። ፊቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ በደቂቃ ከሺህ ስምንት መቶ ዙር አትለፍ ይላል። ሟች ግን ሺህ እንኳ አልሞላም ነበር። ሳይሞላ አንዱ መንጋጋ ተሰበረ፤ ተነክሶ የነበረው የወፍጮ ፑሌጃ፣ ቀበቶ የሚዞርበት ያ ክብ ብረት፣ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። በያጁ እዚህ ላይ ሲደርስ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሰማችሁ አይደል?» ትላለች እናቱ ከመስኮቱ ሥር። «ከቁጥሩ በታች ነበር። ልጄ አላጠፋም።»

ይችን ነገር ምርኩዝ አድርጋታለች። ከጠዋት ጀምሮ ለገባው ሁሉ ብላታለች፣ ለቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር። ልጇ መሞቱን ማንም አይመልስላትም፤ በገዛ እጁ አለመሞቱን ግን እየደጋገመች ትይዘዋለች። ታላቅየው ትሪውን ይዞ በፊቷ ሲያልፍ ምላሱ ላይ ሁለት ቃል አለች፣ ነግሬው ነበር የምትል። ዓመት ሙሉ ፈሪ፣ ቀርፋፋ፣ አኩራፊ ሲባል ኖሯል። ሁለቷን ቃል ቢተፋት በአንድ ጊዜ ከሁሉም ይነጻል። ግን ነግሬው ነበር ማለት ልጅሽ አጥፍቷል ማለት ነው፤ ምርኩዙን ከእጇ ነጥቆ ሂጂ ማለት ነው። ስለዚህ ሻይ ያድላል። ስኳር ስንት ላድርግ ብሎ ይጠይቃል።

ቶርኖ ቤቱ ሁለቱን ወንድማማቾች ቶሎና ቆይ ይላቸው ነበር። ደንበኛ ብረቱን አስቀምጦ መቼ ይደርሳል ሲል፣ ታናሽየው ቀና ሳይል «ቶሎ» ይላል። ታላቅየው ብረቱን አገላብጦ፣ በጥፍሩ አንኳኩቶ፣ የልኬት ካሊፐሩን አውጥቶ «ቆይ» ይላል። ደንበኛው የሚወደው የትኛውን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ታናሽየው ጠዋት የገባለትን ብረት ከሰዓት ያስወጣል፣ ያውም ሳቅና ጨዋታ መርቆበት። ታላቅየው ግን አንድ ዘንግ ሲያስተካክል ዘንጉ ያረጃል ይባልለታል። ይህን ቀልድ የፈጠረው ማን እንደሆነም ያውቃል፤ ስሙን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም፤ ብርጭቆውን መልሶ አንሥቶ ሻይ እየጠጣ ነው።

አባታቸው የሞተው ታላቅየው አምስተኛ ክፍል ሳለ ነው። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ቶርኖ ቤት ገባ፤ መጀመሪያ የብረት ፍቅፋቂ ይጠርግ ነበር፣ ቀጥሎ ግራሶ ይቀባ፣ ኋላ ማሽን ያዘ። እሱ ሲገባ ታናሽየው ተማረ። ታናሽየው ሲማር ማታ ማታ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ታላቅየው እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይሰማል፣ የሰማውንም ከወንድሙ ቀድሞ ይይዛል። ማንበብ አላቃተውም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሥራው ነው የሚያነበው። ታናሽየው የሙያ ትምህርት ቤት ጨርሶ ወደዚያው ቶርኖ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያውን ቱታ ያለበሰው ታላቅየው ነው። ቁልፉን ሁሉ በየተራ ቆለፈለት፣ እንደ ሙሽራ። እንግዲህ ከሰው ሁሉ አፍ ቢወጣ የሚችለው ቃል ከዚያ አፍ መውጣቱ ነው እህህ ያሰኘው።

ማሽኑን ያስተማረውም እሱ ነው። ቻክ ሲፈጥን የነከሰውን እንደሚያላላ፣ መንጋጋዎቹ በገዛ ክብደታቸው ወደ ውጭ እንደሚሸሹ በቃል ማስረዳት ቢያቅተው፣ ልጅ ሆነው ግቢ ውስጥ የሚጫወቱትን አስታወሰው። ታላቅየው የወንድሙን ሁለት እጅ ይዞ ያሽከረክረዋል፤ ትንሹ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ እየበረረ ጨምር፣ ጨምር ይላል። አንድ ቀን ጨመረለት። ልጁ ሄዶ አጥሩ ላይ ወደቀና አገጩ ተተረተረ፤ ደሙ እየወረደ ይስቅ ነበር።

«ያኔ እኔ አልለቀቅሁህም» አለው ከቶርኖው ፊት አቁሞ። «እጄ እንደያዘህ ነበር። ዙሩ ነው የነጠቀኝ። ቻክም እንደዚያ ነው። መንጋጋው በከበደ ቁጥር፣ አንተ በፈጠንክ ቁጥር፣ ጣቱ እየላላ ይሄዳል።»

ታናሽየው አገጩን ዳሰሰና፣ ታዲያ ያን ቀን መብረሬን ለምን አትቆጥረውም ብሎ ሳቀ። እንዲህ ነበር። ለነገር ሁሉ መልስ ነበረው፤ መልሱም ሰውን ያስቃል። ሰው ደግሞ የሚያስቀውን ያምናል።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ጋብ ሲል በያጁ መጥቶ ክርኑን ነካው። ዓይኑን አላየውም። ቶርኖ ቤቱ ድረስ ብንሄድ፣ የምታየው ነገር አለ አለው። የሳቀበትን ቀን ያነሣል ብሎ ታላቅየው መንገዱን ሙሉ ጠበቀ። አላነሣም። ሳቅ የሳቀ ይረሳል፤ የተሳቀበት ነው መዝገብ የሚሆነው።

ቶርኖ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። በያጁ መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፋው ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ወለሉ ታጥቧል፤ አንድ ሰው ብዙ ውኃ አፍስሶ ነው ያጠበው፤ ማዕዘኑ ገና እርጥብ ነው። ማሽኑ ቆሟል። ቻኩ እላዩ ላይ እንዳለ ነው፣ ሁለት መንጋጋውን ይዞ፣ ሦስተኛው ቦታ ባዶውን አፉን ከፍቶ።

የዚያ ሐሙስ ነገር እነዚህ መንጋጋዎች ናቸው። የወፍጮ ቤቶቹ ፑሌጃ ሰፊ ስለሆነ ከቻኩ ጋር የመጡት መንጋጋዎች አይደርሱበትም ነበር። ታናሽየው ከወፍራም ብረት ሦስት ረጃጅም መንጋጋ ራሱ ቀርጾ ሠራ። ደንበኛው ተደነቀ፤ መንገደኛ ሳይቀር እየገባ አየ። እውነቱን ለመናገር ያምሩ ነበር፤ ጠርዛቸው በሞረድ ተለስልሶ፣ ፊታቸው እንደ መስተዋት። ታላቅየው አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነውና ሆዱ ቀዘቀዘ።

«ቁጥሩ ለእነዚህ አይደለም» አለ። «ከቻኩ ጋር ለተወለዱት ነው። እነዚህ ከባድ ናቸው።»

ስንት ላዙረው ታዲያ አለው ታናሽየው። ታላቅየው ቁጥር አልነበረውም። ብቻ ቀንስ አለ። ስንት አለው ደግሞ። ቆይ፣ ብቻ ቀንስ አለ፤ «ቆይ» ስትወጣ ደንበኞቹ ተያዩ። ታናሽየው ቱታውን ሰብስቦ ቻኩ ላይ ጎንበስ አለ፣ በጣቱ የተቀረጸውን ተከተለ፣ ያኔ ነው ያችን የላንብብልህን ቃል ያላት። ታላቅየው መንጋጋውን በቀስታ ጠረጴዛ ላይ መለሰ፣ ኮቱን አንሥቶ ወጣ፣ በሳምንቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ፓምፕ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሥራ ያዘ። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ሁለቱን ልጆቿን እንደ ፈረቃ ሠራተኛ በየተራ ነው ያበላችው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ወጥቶ ነበር። በመካከል ሆና ላስታርቅ ብትል እንኳ፣ እሱ ይጀምር የሚል ከሁለቱም አፍ ይሰማ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶታል። ያን ቀን የተናገረው ለወንድሙ ፈርቶ ነው? ወይስ መንጋጋዎቹ ስላማሩ፣ እሱ በሠላሳ ዓመት ያልሠራውን ልጁ በአንድ ሳምንት ስለሠራው? ሆዱ ሲቀዘቅዝ ፍርሃት ይሁን ቅናት ለይቶ አያውቅም። ሁለቱም ሆድ ነው የሚያቀዘቅዙት።

በያጁ ከጠረጴዛው ሥር አሮጌ ጨርቅ ጎትቶ ፈታው። የተሰበረው መንጋጋ ነው፣ ሁለት ቦታ ሆኖ።

ታላቅየው አየው። ያ በመዳፉ የመዘነው ድፍን ብረት አልነበረም። ጎኑ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ዙሪያው በጥንቃቄ ተሞርዶ። ዞሮ ቻኩ ላይ የቀሩትን ሁለቱን አየ። እነሱም ተበስተዋል።

«ይኼን ማን ሠራው?»

«እሱ ነዋ» አለ በያጁ። ከዚያ፣ ብረቱን እያየ፣ አወራለት። ታላቅየው ኮቱን ይዞ እንደወጣ ታናሽየው ደንበኞቹን ነገ ኑ ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ አፍ ነገ የሚል ቃል ሲወጣ በያጁ የሰማው ያን ዕለት ብቻ ነው። መንጋጋዎቹን ወስዶ መሰርሰሪያው ሥር አደረጋቸው፤ እስኪመሽ ሲበሳ ዋለ። ምን እያደረግህ ነው ሲለው፣ ጋሼ ከባድ ናቸው ካለ ከባድ ናቸው፣ ላቅልላቸው አለው። ዙሩንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሺህ በላይ አድርጎ አያውቅም።

«ልንገረው ወይ አልኩት» አለ በያጁ። «ተው፣ መጥቶ ራሱ ይየው አለኝ። ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር ቀና ይል ነበር።»

ታላቅየው ሁለቱን ስባሪ አንሥቶ አገናኛቸው። ልክክ አሉ፤ ስንጥቁ በፀጉር ቀጭን ሆኖ ዞረ። የሄደው በወፍራሙ በኩል አልነበረም። በቀዳዳው መሐል ነው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ልክ መንጋጋው አንገቱ ላይ፣ ብረት ከየትም በላይ በሚያስፈልግበት ቦታ። የስንጥቁ ግማሽ ጠቁሯል፤ ወራት ያስቆጠረ ነው፤ ግማሹ ያበራል፤ እሱ የትናንት ወዲያው ነው። ሳይበሱ ቢተዋቸውና ዙሩን ብቻ ቢቀንስ ኖሮ ምናልባት ዛሬም ይሽከረከሩ ነበር። ግን ቀንስ ያለው ሰው ስንት እንደሆነ አላወቀም፤ ከባድ ነው ብሎ ሄደ። ልጁም ከባዱን አቀለለ። ዕድሜ ልኩን አልሰማ ያለው ልጅ አንድ ቀን ሰማው፤ የሰማውንም እንደ ልማዱ በጥድፊያ፣ በዚያው ማታ፣ ሳይጠይቀው ሠራው።

በያጁ፣ ታዲያ ከተቃለለ ለምን ተሰበረ ብሎ ጠየቀው። አልገባውም፤ ወይም እንዳይገባው ፈልጓል። ታላቅየው ስባሪዎቹን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለ። ብረት አንዳንዴ ከውስጡ ይታመማል አለው። ሲወጡ ግን መዝጊያውን መልሶ ማውረድ አቃተው። እጁ ብረቱ ላይ ቀርቶ ግንባሩን አስደግፎ ቆመ፤ ከቀብሩ ወዲህ ያላለቀሰውን እዚያ አለቀሰው፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው ብቻ እየተነሣ። በያጁ መንገዱን እያየ ጠበቀው። እንዲህ ያለው ነገር ይገባዋል ለካ።

ማታ ሊሆን ሲል ቤት ሲመለስ እናቱ ከሳሎኑ ተነሥታ ጓዳ ገብታ ነበር። ከበስተኋላው በሩን ገጠም አደረገችው።

«ሄደህ አየኸው አሉኝ» አለች። «እዚያ ሰው ፊት የምለውን ተወው። አንተ ብረት ታውቃለህ። የእሱ እጅ አለበት?»

«የለበትም።»

«እውነቴን እኮ ነው። ከሰው አፍ ኋላ ከምሰማው ካንተ ልስማው።»

«እማዬ፣ የለበትም አልኩሽ። ብረቱ ከውስጡ የታመመ ነበር። ማንም ቢሆን አያየውም።»

«ማልልኝ።»

«አባቴ ይሙት።»

«በሞተ ሰው አትማልልኝ» አለች። «በእኔ ማል።»

ፊቷን አየው። ከሦስት ቀን በፊት ይህ ፊት ሌላ ነበር፤ አሁን ቆዳው ከአጥንቱ ተለያይቷል። የጓዳው መብራት ከላይዋ ይወዛወዛል። በሕይወቱ ሙሉ እሷን ይዞ በሐሰት ምሎ አያውቅም፤ ልጅ ሆኖ እንኳ ስኳር ሰርቆ ሲያዝ ዝም ይል ነበር እንጂ አይምልም።

«እናቴ ትሙት» አለ።

ረዥም ትንፋሽ አወጣች። እጁን ይዛ መዳፉን ገለበጠችው፣ ፍም የነካ እጅ እንደሚታይ አየችው፣ መልሳ ለቀቀችው። ከዚያ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ስታኝክ እንባዋ ይወርድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጎታቸው መጡ። የእናታቸው ወንድም ናቸው፤ ዳኝነት ተቀምጠው ባያውቁም በሰው ቤት ነገር ሁሉ ይፈርዳሉ። ከሩቅ አገር ስለመጡ ቀብሩ አልፎባቸዋል፤ ያለፋቸውን ለማካካስ ይመስላል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፣ ቡና ተቀዳላቸው፣ ሁለት ፉት አሉ፣ ዙሪያቸውን ቃኙ። ታላቅየውን በሩ አጠገብ ቆሞ አገኙት።

ስለ ሟች ብዙ አሞገሱ። ልጅ እያለ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ እሳቸው ያስተማሩት ይመስል እንዴት ባለሙያ እንደወጣው። ሰው አዎን አዎን አለ። በጽሑፍ ያለውን ቁጥር አክብሮ እየሠራ የሞተ ልጅ ነው አሉ፤ እናቱም ከቁጥሩ በታች ነበር ብላ አከለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አጎታቸው ግን ሲኒውን አስቀምጠው ጣታቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ይኼ ታላቁ ነው እንግዲህ» አሉ፣ ለማያውቁት እንደሚያስተዋውቁ። «በአንድ ቃል አኩርፎ ወንድሙን ጥሎ የሄደው። ሠላሳ ዓመት ብረት ስቆርጥ ኖርኩ ይላል። እስቲ አሁን በሰው ፊት ልጠይቅህ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ወንድሜ ሆይ ይኼ ነገር ያስፈራልና ተጠንቀቅ ብለኸዋል?»

የሟች ሚስት ራሷን አቀረቀረች። በያጁ ከወንበሩ ከፍ ብሎ አፉን ከፈተ፤ ታላቅየው በዓይኑ አስቀመጠው።

እናቱ ታየው ነበር። አፉን ነው የምታየው።

ሁለቷ ቃል መጥታ ከጥርሱ ኋላ ቆመች። ዓመት ሙሉ የተሸከማት፣ ሐሙስን ከሐሙስ እየቆጠረ ያሳደጋት፣ አሁን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጠያቂ ተገኝቶ፣ በር ተከፍቶላት። ከኋላዋ ሌላ ቃል አለች፤ ሰምቶኝ ነው የሞተው የምትል። አንዷን ካወጣ ሌላዋ ትከተላለች።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ አጎታቸው። «መልስ የለህማ። ድሮም ቀርፋፋ ነህ።»

ታላቅየው ከበሩ ተነሥቶ በለቀስተኛው ጉልበቶች መሐል አለፈ፣ ይቅርታ ይቅርታ እያለ፣ እስከ መስኮቱ። የእናቱ ሻሽ ከራሷ ተንሸራትቶ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ነበር። በሁለት እጁ አንሥቶ መለሰላት፣ ሽበቷን ወደ ውስጥ ከተተላት፣ ጫፉን አገጭዋ ሥር አሰረላት። ሲያስር ቀስ ብሎ ነው፤ ሳያጠብቀው፣ ሳያላላው። ሲጨርስ በመጣበት ተመለሰ፤ በሩ ላይ ለሚገቡ ሁለት ለቀስተኞች መንገድ ለቀቀላቸውና ወጣ።